ባነር ላይ የማይወጣው ልጅ

ከምሠራበት ፋርማሲ ፊት ለፊት፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት ማዶ፣ ሞንታርቦ የጫነ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ጎኑ ላይ በተወጠረው ባነር የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ፤ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ፊቷ የከሳ፣ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ ከቁጥሮቹ በላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ በቀይ ተጽፏል፤ ሚሊዮኖች ነው። «ወገኖቼ፣ የልጃችን የልብ ቫልቭ ተበላሽቷል፣ ውጭ አገር ሄዳ መታከም አለባት» የሚለው ድምፅ የጅማን ዝናብ አልፎ እስከ መደርደሪያችን ይሰማል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ካርቶን ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይገባሉ።

በዚያው ሰዓት ከባንኮኒው ማዶ አንዲት እናት ቆማ ነበር። ከዴዶ በኩል ነው የመጣችው። አጠገቧ ያለው ልጇ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ማዘዣውን ሰጠችኝ፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ በየአራት ሳምንቱ ይላል። ዋጋውን ስነግራት የሻርፗን ጫፍ ፈትታ የቋጠረችውን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። «እህቴ፣ ግማሹን ዛሬ ብሰጥሽ፣ የቀረውን ለገበያ ስመጣ ባመጣልሽስ?» አለችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገረችው፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

እሷን ሳልመልስላት ካርቶን የያዘ አንድ ወጣት ገባ። «እህት፣ ለነፍስሽ ያለሽን» አለና የልጅቷን የሕክምና ወረቀት ኮፒ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። አነበብኩት። ከዚያ የእናትየውን ማዘዣ አየሁ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው የበሽታ ስም አንድ ነው፤ ሩማቲክ የልብ በሽታ።

ኪሴ ውስጥ የነበረው አምስት መቶ ብር ነው፤ እስከ ደሞዝ የቀረኝም እሱው። ለእናትየው የመርፌውንና የሲሪንጁን ሒሳብ ሸፈንኩላት፣ የተረፈውን ለመመለሻ መኪና ሰጠኋት። ካርቶኑ ውስጥ የምጨምረው አልነበረኝም። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ። ማታ ስንዘጋ ግን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ልቡ የዋህ ነው፣ «ለዚያች ልጅ ምንም አልሰጠሽም አይደል?» አለኝ። ክፋት የለበትም። ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ለማን እንደምሰጥ ባሰብኩ ቁጥር ከፊቴ ይቆማል።

አንድ በሽታ፣ ሁለት ዕድሜ

የዚህን በሽታ አካሄድ ሳልናገር ሐሳቤን ማስረዳት አልችልም። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። ቶንሲል ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ በሳምንቱም ይሻለዋል። ለአብዛኞቹ ልጆች ነገሩ በዚህ ያበቃል። ጥቂቶቹ ላይ ግን የጉሮሮውን ባክቴሪያ ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፣ ትኩሳት ይመላለሳል፣ ያም ያልፋል። ልብ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው የማያልፈው። ጉሮሮው በዚያው ባክቴሪያ እንደገና በታመመ ቁጥር ቫልቩ፣ የልቡ የደም በር፣ ይበልጥ ይጎዳል፤ ይጠብባል፣ ወይም ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ብዙዎቹ ልጆች ሆስፒታል የሚደርሱት ዳገት መውጣት ሲያቅታቸው፣ እግራቸው ሲያብጥ፣ ተንጋለው መተኛት ሲያፍናቸው ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

ከጉሮሮው ሕመም እስከ ቀዶ ሕክምናው ባሉት ዓመታት ውስጥ ግን መላ አለ። ያቺ እናት የጠየቀችኝ መርፌ ናት፤ ባክቴሪያው እንዳይመለስ ትከላከላለች። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜ እስከ ጎልማሳነት ድረስ ትወጋለች። ታማለች፤ ልጆች ይፈሯታል። ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ቡና ያንሳል። በዓለም ላይ ጥሬ ዕቃውን የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ጥቂት ስለሆኑ ከገበያ የምትጠፋበት ጊዜ አለ፤ አለርጂውን የሚፈሩ ባለሙያዎችም ለመውጋት ያመነታሉ። ለገጠር ሰው ደግሞ ከመርፌው ይልቅ መንገዱ ይከብዳል፤ ለመኪና የሚከፈለውና ከሥራ የሚቀርበት ቀን ሲደመሩ ከመድኃኒቱ ይበልጣሉ። ስለዚህ አንድ ወር ይዘለላል። ቀጥሎ ሌላ ወር። ልጁ ደኅና ስለሚመስል ማንም አይደነግጥም።

ባነሩ ላይ ባለችው ልጅና ከፊቴ በቆመው ልጅ መካከል ያለው ርቀት በአብዛኛው የእነዚህ የተዘለሉ ወራት ርቀት ነው። እሱ መርፌውን ካላቋረጠ ባነር ላይ ላይወጣ ይችላል። «እገሌ የሚባል ልጅ ሳይታመም ቀረ፣ እልል በሉ» ብሎ ሞንታርቦ የሚከራይ ግን የለም። ትምህርቱን ይማራል፣ ኳሱን ይጫወታል፣ ቡና ይለቅማል፤ መዳኑን እሱ ራሱም አያውቀውም።

የአገራችን የልብ ሕክምና ታሪክም ይህን ሚዛን ያሳያል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት ሥራ ነው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት የደረሰው። ስንት ቤተሰብ ልጁን ከዚያ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ናቸው፤ ሐኪሞቹ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠሩ እንኳ ከኋላ አዳዲስ ሕሙማን እየመጡ ሰልፉ አያጥርም። አዲስ የሚመጡትን ቁጥር የሚቀንሰው ሥራ ከአዲስ አበባ ርቆ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካሜራ አይገባም።

ሒሳቡና አባትየው

መጀመሪያ ያደረግሁት ማስላት ነበር። ባነሩ ላይ በቀይ የተጻፈው ገንዘብ ወደ መርፌ ሲመነዘር በሺዎች የሚቆጠሩ መርፌዎች ይወጡታል። ወረቀቱ ላይ ሳየው መልሱ ያለቀለት መሰለኝ። ቀጥሎ የልጅቷ አባት ታሰበኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ በመስተዋቱ የሚገባና የሚወጣውን ያያል። ያንን ወረቀት ይዤ እሱ ፊት ብቆም ምን እለዋለሁ? ያንተ ልጅ ነገር ውድ ነው፣ የሌላው ልጅ ይረክሳል? እንዲህ የሚል ሒሳብ ትክክል ቢሆን እንኳ ሰው ፊት ሊነገር አይችልም፤ ሰው ፊት ሊነገር የማይችልን ነገር ደግሞ ልቤ አያምነውም።

በዚያ ላይ ፊት አይቶ መስጠት ከንቱ ስሜት ነው ማለትም አልችልም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሲሳለሙ በመንገዳቸው ረሃብ ያደቀቀው ሕዝብ ገጠማቸው፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዕቅድ አልነበራቸውም፣ በጀትም አልነበራቸውም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ያሳደገ ድርጅት ትተው ነው የሄዱት። ያኔ ፊታቸውን አዙረው «የረሃቡን መንስኤ ላጥና» ቢሉ ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች የት በወደቁ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩት። «የቱ ይበልጣል?» ማለትን ትቼ «እኔ ባልሰጥ ይህን ሰው ሌላ ማን አይቶታል?» ማለት ጀመርኩ። ልጅቷን ከተማው ሁሉ አይቷታል። ባጃጅ ነጂው አይቷታል፣ የቡና ነጋዴው አይቷታል፣ ቲክቶክ ላይ በሌላ አገር ያለ የጅማ ልጅ ሁሉ አይቷታል። እንዲህ ያለውን ሸክም ነው አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት። የእኔ መቶ ብር እዚያ ብትጎድል ሌላው ይሞላታል። የዴዶዋን እናት ግን በዚያ ሰዓት ያያት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማዘዣዋን ማንበብ የሚችል፣ መርፌው ቢዘለል ከስንት ዓመት በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ ዋጋውን የሚነግራትም እኔው ነበርኩ። ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። እሱ ግን አልተቀበለኝም። «ሁሉም እንዳንቺ ሌላው ይሞላል ቢል ካርቶኑ ባዶ ይቀራል» አለኝ። ያለው እውነት ነው፤ እስካሁን ሙሉ ምላሽ አላገኘሁለትም። ለዚህ ነው ከማወጣው ላይ ለእንዲህ ያለው ጥሪ ጥቂት ድርሻ የማስቀረው፤ ሳልሰጥ ያለፍኩበት ሚኒባስም ቢሆን ሌሎች እንዲሰጡ እናገራለሁ።

ጎረቤታችን ሐጂ

ይህን ሁሉ ሳብሰለስል የሰነበትኩት ብቻዬን አይደለም። ጎረቤታችን ሐጂ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ጠርተው ያስቀምጡኛል። እኔ አሥራት አውጪ ነኝ፣ እሳቸው ዘካ አውጪ፤ ገንዘብ ስለ መስጠት ስናወራ ግን እንግባባለን። «ሐጂ፣ እርስዎ ለማን እንደሚሰጡ እንዴት ይመርጣሉ?» አልኳቸው።

«እኔ አልመርጥም ልጄ፣ ተመርጦልኛል» አሉኝ። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በቁርዓን ሱረቱ ተውባህ ውስጥ ተዘርዝረዋል፤ ድሃው፣ ችግረኛው፣ ዕዳ ያጎበጠው፣ መንገደኛው እያለ ይቀጥላል። ከስምንቱ አንደኛው ወገን ዘካውን የሚሰበስቡትና የሚያከፋፍሉት ሠራተኞች መሆናቸውን ስሰማ ገረመኝ። ከአርባው አንድ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ለሚደክሙበት ሰዎች ድርሻ ተቆርጧል ማለት ነው።

ይህ ነገር ስለ ድርጅቶች የነበረኝን አስተያየት አጠራልኝ። ብዙዎቻችን «የሰጠሁት ብር አንድ ሳንቲም ሳይነካ ለተረጂው ይድረስ» እንላለን። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን መድኃኒቱን ዴዶ ድረስ የሚወስደው ማን ነው? ደረሰኙን የሚያስቀምጠው፣ የቀረውን ልጅ ደውሎ «ለምን አልመጣህም?» የሚለውስ? የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ለአስተዳደር የሚፈቀደው እስከ 30 በመቶ ነበር፤ ነገር ግን የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪ ሳይቀር እንደ አስተዳደር ስለሚቆጠር በትክክል የሚሠሩት ድርጅቶች ሲቸገሩ ኖረዋል። በቦታው የመጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎ አስተዳደራዊ የሚባለውን ወጪ ጠበብ አድርጎታል። ድርጅቶቹ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እንግዲህ «ሪፖርታችሁን አሳዩኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በግል ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ቀኑ የተቆረጠ የሕክምና ወረቀት፣ ሲደወል የማይነሣ ስልክ ካየሁ እጄን እሰበስባለሁ። ድርጅቱን የማምነው ግን ጥሩ ጥሩውን ስላወራኝ አይደለም። «ባለፈው ዓመት ያልተሳካላችሁ ምን ነበር?» ስለው ሳያፍር የሚነግረኝን አምነዋለሁ። ከሰው ጋር የሚሠራ ሁሉ ያልተሳካለት ነገር ይኖረዋል፤ የለኝም የሚለኝ ወይ አልተከታተለም ወይ ደብቆኛል።

በነገራችን ላይ አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ የተረፈ መድኃኒት ለድሃ ስጡልኝ እያላችሁ አታምጡልን። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ ያወጣው መመሪያ ለሕመምተኛ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት በጭራሽ እንዳይለገስ ይላል፤ የተለገሰውም ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል። ሙቀት ቤት የከረመ ሽሮፕ ለልጁ ስጦታ አይሆነውም።

ሐጂ ሌላም ነገር ነግረውኛል፤ ከሁሉ በላይ የያዝኩት እሱን ነው። ነቢዩ አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ ተወዳጁ ትንሽም ቢሆን ዘውታሪው ነው ብለዋል አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ያቺ መርፌ ትዝ አለችኝ። ዓመት ሙሉ ተዘልላ በፋሲካ ወይም በኢድ ሰሞን የሚገዛ መርፌ ልብ አይጠብቅም። በየአራት ሳምንቱ መምጣት አለበት። ስሜታችን ሲነካ የምንሰጠው ብዙ ብር የማይሠራው ሥራ አለ፤ ስሜት በሌለበት ወር የምትሰጥ ትንሽ ብር የምትሠራው።

አሁን እንዴት ነው የምከፍለው

ከደሞዜ አሥር እጅ አንዱን ነው የማወጣው፤ ደሞዜም ትንሽ ነው። ትልቁ ድርሻ ወደ አንድ ደብተር ይገባል። ከባልደረባዬ፣ ከዕቁብ ጓደኞቼና ከአንዲት ነርስ ጋር ሆነን የያዝነው ነው። የልብ መርፌ የሚወጉ ልጆች ስም፣ ቀጣዩ ቀናቸው፣ የወላጅ ስልክ አለበት። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀደም ብለን እንደውላለን። ለመድኃኒቱ ከምንከፍለው ገንዘብ ይልቅ የመኪናው እንደሚበዛ ደጋግመን አይተናል፤ ስለዚህ በሚቀርባቸው ጤና ጣቢያ እንዲወጉ ነርሷ ታመቻቻለች። ጅማ ላይ ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕሙማን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በነርሶች እጅ እንዲሰጥ የዚህ ከተማ ሐኪሞች ከጎንደሮቹ ጋር ከብዙ ዓመት በፊት ሠርተው ያሳዩት ነገር ነው።

ደብተሩን ስንጀምር «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብለን ነበር፤ የምናየውን፣ የምንከታተለውን እንርዳ ብለን። ይህ አነጋገር ግን እስከ መጨረሻው አይወስደኝም። ባንኮኒዬ ጋ የማይመጣ ሰው አለ። ምጥ ቀናት ፈጅቶባት ፊስቱላ የያዛት ሴት ሽንቷ ስለሚፈስ ከሰው ተለይታ ጓሮ ትቀመጣለች፤ ወደ ከተማ አትወጣም፣ ፋርማሲ በር ላይ አትቆምም፣ ፎቶዋን ባነር ላይ የሚያወጣላትም የለም። የቅርቡን ብቻ ብረዳ እሷን መቼም አላያትም። ስለዚህ ከድርሻዬ አንዱን በየወሩ ለሐምሊን ፊስቱላ እልካለሁ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የጀመሩት ሥራ ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል፤ ሕክምናው በነጻ ነው፤ ከጅማ በአጋሮና በበደሌ አድርጎ መቱ ሲደረስም ማዕከል አላቸው። ደግሞም አዋላጆችን ያሠለጥናሉ፤ አዋላጅ በጊዜ ካገኘች ሴትየዋ በአብዛኛው ፊስቱላ አይነካትም። እዚያም ሕክምናውና መከላከሉ በአንድ እጅ ተይዘዋል፤ ለልብ ሕሙማን ልጆችም ይህን ነው የምመኘው።

የተረፈው ጥቂቱ ደረሰኝ አይጠየቅበትም። ለቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለሚኒባሱ ካርቶን፣ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ሽማግሌ። መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃል በዚህኛው ድርሻ ላይ ይሠራልኛል። እዚህ ላይ አላሰላም። ፊት አይቶ የሚደነግጥ ልብ ከሌለኝ ደብተሩንም ውዬ አድሬ እንደምተወው አውቃለሁ።

በዚህ ሰሞን የተያዝንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ነርሷ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ደብተሩ ውስጥ እናስገባ ትላለች። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ በየቀኑ የሚወስድ ልጅ እሳት ላይ ከመውደቅ፣ ከትምህርት ከመቅረት ይድናል። ዕቁብተኞቹ ሁሉ ወዲያው እሺ አሉ። እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የባሰ፣ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጀምረን ገንዘብ ስናጣ የምናቆመው ነገር አይደለም። ስንጨቃጨቅ ቆይተን ተስማማን፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ የስድስት ወር መድኃኒት ዋጋ በእጃችን ካልተቀመጠ ስሙን አንጽፍም። ባልደረባዬ ከመጀመሪያዎቹ ገንዘብ አስቀማጮች አንዱ ሆኗል። ቡና መለቀም ሲጀምር ከዕቁብተኞቹ ሁለቱ እጃቸው ትንሽ ይፈታል፤ እስከዚያ ነርሷ የልጆቹን ዝርዝርና ማዘዣ እያጣራች ነው፤ ከዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የምንጽፋት ከሰቃ በኩል የምትመጣ አንዲት ልጅ ናት።